በካሜራ ወይስ በመክፈት? የተበጠሰ የትከሻ ጅማት ጥገና

አክስቴ ባለፈው ክረምት እርጥብ ደረጃ አዳልጧት ወደቀች። ስትወድቅ በቀኝ እጇ ተመረኮዘች። ራጅ ተነሳች፤ ስብራት የለም ተባለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ አለ። አክንባሎ ማንሳት አቃታት። ፀጉሯን በግራ እጇ ማበጠር ጀመረች። ሌሊት በቀኝ ጎኗ መተኛት የማይሞከር ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ ታሸች፣ ቅባት ተቀባች፣ መርፌ ተወጋች። በኋላ ኤምአርአይ ስትነሳ የትከሻዋ ጅማት ከአጥንቱ ላይ ተበጥሶ ተገኘ።

ከዚያ ስልኩ አላቋርጥ አለ። ከዋሽንግተን የአጎቴ ልጅ ደወለ፦ «በካሜራ ካልሆነ እንዳታስነኳት!» ከዱባይ ሌላዋ ደወለች፦ «እዚህ በትንንሽ ቀዳዳ ነው የሚሠሩት፣ ጠባሳው እንኳን አይታይም።» የአክስቴ ሐኪም ግን ከፍተው ሊሠሩ ነበር ያሰቡት። ቤተሰቡ ሁሉ «ጊዜው ያለፈበት ሕክምና ሊሰጧት ነው» ብሎ ተጨነቀ። እኔም ከተጨነቁት አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ጥናቶቹን እያፈላለግኩ ማንበብ ጀመርኩ።

ካነበብኩት ውስጥ በጣም የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ዘመድ አዝማድ ሁሉ የተከራከረበት ጥያቄ፣ ማለትም በካሜራ ነው ወይስ በመክፈት የሚለው፣ ውጤቱን ከሚወስኑት ነገሮች ሁሉ ትንሽ ክብደት ያለው ሆኖ አገኘሁት።

የተበጠሰው ምኑ ነው?

የጭን አጥንት ራስ ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የክንድ አጥንት ራስ ግን የሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ብርቱካን ነው። እጃችን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደ ልቡ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ብርቱካኑ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ የሚይዙት ደግሞ አራት ጡንቻዎች ናቸው። የአራቱ ጅማቶች እርስ በርስ ተያይዘው የአጥንቱን ራስ እንደ ቆብ ይሸፍኑታል። ሐኪሞች ይህን ቆብ ሮቴተር ከፍ ይሉታል።

ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከላይ በኩል የሚያልፈው ነው። ስሙ ሱፕራስፓይናተስ ይባላል። እጅን ወደ ጎን ማንሳት ስንጀምር ከሚሠሩት ዋነኛው እሱ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ እንደ አክስቴ በመውደቅ በአንድ ጊዜ ይበጠሳል። ብዙዎች ላይ ግን በዕድሜ ብዛት እየሳሳ፣ እንደ አሮጌ ገመድ ክር በክር እየተፈታ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ትከሻቸውን ጨርሶ የማያማቸውን 96 ሰዎች ኤምአርአይ አነሳ። ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል 54 በመቶዎቹ ከፊል ወይም ሙሉ ብጥስ ተገኘባቸው። ሕመም የላቸውም፣ እጃቸው ይሠራል፣ ጅማታቸው ግን ተቀዷል። እንግዲህ በፊልም ላይ የታየ ቀዳዳ ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ቀዳዳ ሁሉም መሰፋት አለበት ማለትም አይደለም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቦስተን የጀመረው ስፌት

የተበጠሰ የትከሻ ጅማትን ቀድመው ከሰፉት ሐኪሞች አንዱ የቦስተኑ ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን ነው። በ1909 ሠራው፣ በ1911 ስለ ሥራው ጽፎ አሳተመ። ትከሻውን ከፍቶ ጅማቱን ወደ አጥንቱ መልሶ በክር አሰረው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የተለወጠው በየት በኩል እንደሚገባና በምን እንደሚታሰር ነው።

ኮድማን በሌላም ነገር መታወስ ያለበት ሰው ነው። እያንዳንዱ ሐኪም ታካሚውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ውጤቱን በግልጽ ይጻፍ ብሎ ተሟገተ። ሕክምናው ካልሠራ ለምን እንዳልሠራ ይታወቅ አለ። የሥራ ባልደረቦቹ አልወደዱለትም፣ እሱም ይሠራበት የነበረውን ትልቅ ሆስፒታል ለቀቀ። በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ከ1911 እስከ 1916 ያከማቸውን የ337 ታካሚዎች ውጤት ሲያሳትም 123 ስህተቶችን ቆጥሮ አብሮ አወጣ። ዛሬ የትኛው ቴክኒክ ይሻላል ብለን የምንጠይቀው፣ የምናገኘውም መልስ፣ ኮድማን ከጠየቀው ነገር የመጣ ነው። ታካሚው ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ?

ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥገናው በመክፈት ብቻ ይሠራ ነበር። የድሮው አከፋፈት ከትከሻው ላይ ያለውን ትልቅ ጡንቻ፣ ዴልቶይድን፣ ከአጥንቱ ላይ ያላቅቅ ነበር። ያ ጡንቻ በደንብ ካልተመለሰ የትከሻው ጉዳት የባሰ ይሆናል። በኋላ ሚኒ ኦፕን የሚባለው መጣ። ቁርጡ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ ዴልቶይድ አይላቀቅም፣ በጡንቻው ክሮች አቅጣጫ መሃሉ ይከፈታል እንጂ። የአክስቴ ሐኪም «ከፍቼ እሠራለሁ» ያሉት ይህን ነበር። እኛ ግን «መክፈት» የሚለውን ቃል ስንሰማ ትከሻዋ ከዳር እስከ ዳር ሲሰነጠቅ ነው የታየን።

በ1990ዎቹ አርትሮስኮፒ ተስፋፋ። እንደ እርሳስ የቀጠነ ካሜራ በትንሽ ቀዳዳ ይገባል። መገጣጠሚያው በውኃ ተነፍቶ ውስጡ በስክሪን ይታያል። በሌሎች ቀዳዳዎች ረጃጅም መሣሪያዎች ገብተው ጅማቱን ይሰፋሉ። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ዴልቶይድ ብዙም አይጎዳም፣ ጠባሳው ያንሳል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለው ሕመም ቀለል ሊል ይችላል። ሐኪሙም መገጣጠሚያውን ከሁሉም አቅጣጫ ማየት ይችላል። ሌላ የተደበቀ ጉዳት ካለ በካሜራ ማግኘት ይቀላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸው ጥናት

ታዲያ በካሜራ የተሠራው ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሻላል ወይ? እንግሊዞች ይህን በቀጥታ ፈተኑት። በብሪታንያ የተለያዩ ሆስፒታሎች ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 273 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በካሜራ፣ ግማሾቹ በመክፈት ተሠሩ። መለኪያው ታካሚው ራሱ የሚሞላው መጠይቅ ነው። ገላህን ትታጠባለህ ወይ፣ ልብስህን ትለብሳለህ ወይ፣ ሌሊት ያምሃል ወይ ዓይነት ነው፤ ከ48 ይታረማል።

በካሜራ የተሠሩት ከቀዶ ጥገናው በፊት በአማካይ 26.3 ነበሩ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 41.7 ደረሱ። በመክፈት የተሠሩት ከ25.0 ተነስተው 41.5 ደረሱ። ልዩነቱ የአንድ ነጥብ ሩብ እንኳን አይሞላም። በወጪም በኩል የረባ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ሰውን ረድተዋል፣ ሁለቱም እኩል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ የአጎቴ ልጅ ስልክ ነው። እሱ ከፍቅር ነው የተናገረው። ግን አክስቴ ለካሜራ ስትል ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ገንዘብ ማጠራቀም ብትጀምር ኖሮ የምታጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ጊዜውንም ታጣዋለች፤ ለእንዲህ ዓይነት ብጥስ ደግሞ ጊዜ ከምንም በላይ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የዚሁ ጥናት ሌላ ቁጥር ግን እንቅልፍ ይነሳል። ከወራት በኋላ ጅማቱ በምስል ሲታይ በካሜራ ከተሠሩት 46.4 በመቶዎቹ፣ በመክፈት ከተሠሩት 38.6 በመቶዎቹ ላይ የተሰፋው ጅማት እንደገና ተበጥሶ ወይም ሳይድን ቀርቶ ተገኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በስታቲስቲክስ የሚያስተማምን አይደለም። ግን ሁለቱም ትልቅ ቁጥሮች ናቸው። ከአሥር ሰው ለአራት የቀረበው ስፌቱ አልያዘለትም።

አንድ ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ

ስፌቱ ለምን አልያዘም? ሐኪሞች መጀመሪያ የጠረጠሩት ስፌቱን ራሱን ነው። ስለዚህ ማጠናከር ጀመሩ።

ጅማቱን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ብዙ ጊዜ አንከር የምትባል ትንሽ ነገር ናት። ቡሎን ትመስላለች፣ አጥንቱ ውስጥ ትቀበራለች፣ ከራሷ ላይ ጠንካራ ክሮች ይወጣሉ። በብረት፣ በፕላስቲክ፣ ቀስ በቀስ ሟሙቶ በሚጠፋ ነገር፣ አልፎም ከክር ብቻ ትሠራለች። በአንድ ረድፍ ስፌት አንከሮቹ በአንድ መስመር ይደረደራሉ። በሁለት ረድፍ ስፌት አንድ መስመር ከውስጥ፣ አንድ መስመር ከውጭ ይሆንና ክሮቹ በመሃል እየተሻገሩ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ይጫኑታል። ብርድ ልብስ በገመድ ሲታሰር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ካሰርከው ጠርዙ ይነሳል፤ አመሳቅለህ ስታስረው ግን ጠፍጥፎ ይቀመጣል።

በቤተ ሙከራ ሁለት ረድፍ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። ሲጎተት ቶሎ አይላቀቅም፣ ጅማቱም አጥንቱን በሰፊው ይነካል። ከዚያ ወደ ሰው መጡ። በካናዳ የተሠራና በ2012 የታተመ ጥናት 90 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለቱ አከፋፈለ። በሕመምም፣ በእጅ አገልግሎትም፣ በኑሮም መለኪያ ልዩነት አልተገኘም። በምስል ሲታይ ግን በሁለት ረድፍ የተሰፉት በተሻለ ሁኔታ ድነው ነበር። ቀዳዳቸው ገና ከመነሻው ትንሽ የነበረውም እንደዚሁ።

እኔ ከዚህ የምወስደው እንዲህ ነው። ቀዳዳው ከ3 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ በረድፍ ቁጥር መጨነቅ ብዙም አያዋጣም። ትልቅ ከሆነና ጅማቱ ሳይወጠር የሚመለስ ከሆነ ሁለት ረድፍ ምክንያት አለው። ጅማቱ አጥሮ በግድ ከተጎተተ ግን ሁለት ረድፍ ራሱ ችግር ያመጣል። ከውስጠኛው ረድፍ አጠገብ፣ ጅማትና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይቀደዳል። ይህኛው ብጥስ ከመጀመሪያው ይልቅ ለመጠገን ያስቸግራል።

አንከር ደግሞ ዋጋ አላት። ከውጭ ነው የምትመጣው፣ በዶላር ነው የምትገዛው። ሁለት ረድፍ ማለት ብዙ ጊዜ ሁለት እጥፍ ገደማ አንከር ማለት ነው። ለኢትዮጵያ ታካሚ ይህ ቀልድ አይደለም። ደግነቱ ክሩን አጥንት ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ አሳልፎ ማሰርም ይቻላል፤ ድሮ እንደሚሠራው ማለት ነው። ይህን ዘዴ ከአንከር ጋር ያወዳደሩ ጥናቶች በትከሻው አገልግሎት ላይ ጎላ ያለ ልዩነት አላገኙም። ሐኪም «አንከር የለም፣ በአጥንት ቀዳዳ እሰፋዋለሁ» ቢሉ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም።

ስፌቱ ሳይሆን ሥጋው

በ2004 ከሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ የወጣ ጥናት ሐኪሞችን በጣም አነጋግሯል። ትልልቅ ብጥስ ያለባቸው 18 ታካሚዎች በካሜራ ተሰፉ። ከዓመት በኋላ በአልትራሳውንድ ሲታዩ 17ቱ ላይ ጅማቱ እንደገና ተበጥሷል። አሥራ ሰባቱ! ያም ሆኖ አብዛኞቹ ከበፊቱ በጣም ተሽሏቸው ነበር። ሕመሙ ቀንሷል፣ እጃቸው ከራሳቸው በላይ ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ግን ያገኙት ጉልበት መልሶ መዳከም ጀመረ።

በ2005 የወጣው የፈረንሳዮቹ ጥናት ደግሞ ዕድሜን አሳየ። የሱፕራስፓይናተስ ጅማታቸው ተበጥሶ በካሜራ ከተሰፋላቸው 65 ሰዎች መካከል 71 በመቶዎቹ ሙሉ በሙሉ ዳኑ። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑት ብቻ ተለይተው ሲታዩ ግን የዳኑት 43 በመቶ ናቸው። ሐኪሙ ያው፣ ክሩ ያው፣ ካሜራው ያው።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ጅማት ከአጥንት ጋር መልሶ የሚያያዘው በክር አይደለም። ክሩ ለጥቂት ወራት ይዞ ያቆያል፣ ሥራውን የሚሠራው ሰውነት ነው። የሚያድነውም በጠባሳ ሥጋ ነው፤ የተፈጥሮው መያያዣ እንደነበረው ሆኖ አይመለስም። የደም ዝውውሩ ደካማ ከሆነ፣ ስኳሩ ካልተስተካከለ፣ ሰውየው ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያ ሥጋ በደንብ አይበቅልም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጡንቻው አለ። የተበጠሰ ጅማት ያለው ጡንቻ ሥራ ፈት ነው። ሥራ ሲፈታ ይኮማተራል፣ ይሟሽሻል፣ ቀስ በቀስ ሥጋው በስብ ይተካል። ፈረንሳዊው ጉታሊዬ በ1994 ይህን በሲቲ ስካን መርምሮ ከ0 እስከ 4 ደረጃ አወጣለት። ደረጃ 3 ላይ ስቡና ሥጋው እኩል ይሆናሉ፣ 4 ላይ ስቡ ይበልጣል። አንዴ በስብ የተተካ ጡንቻ ጅማቱ ቢሰፋም እንኳን ተመልሶ ሥጋ አይሆንም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ከካሜራው በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። ጡንቻዬ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? ቀዳዳው ስንት ሴንቲሜትር ነው? ጅማቱስ ምን ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል?

መሰፋት የማይችለው ሲሆን

ጡንቻው በስብ ከተተካና ጅማቱ ሩቅ ከሸሸ ስፌት አያዋጣም። እዚህ ሜዳ ላይ ብዙ ዘዴ አለ፣ ብዙ ገንዘብም አለ። ታካሚ ጠንቀቅ ማለት ያለበትም እዚህ ነው።

ለምሳሌ ፊኛውን እንይ። በጅማቱ ቦታ ፊኛ ይገባና በጨዋማ ውኃ ይነፋል። በአጥንትና በአጥንት መካከል እንደ ትራስ ሆኖ ያገለግላል ተባለ፤ በወራት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። በ2021 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በዚያው ሰሞን ብሪታንያ ውስጥ 117 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው እየተፈተነ ነበር። ግማሾቹ የተበላሸው ሥጋ ብቻ ተጠረገላቸው፣ ግማሾቹ ተጠርጎ ፊኛው ተጨመረላቸው። ውጤቱ በ2022 ወጣ። ፊኛ ያልገባላቸው ይሻሉ ነበር! ጥናቱም ከታቀደው በፊት ቆመ።

ሌላም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ቻርልስ ኒር የተባለው ታዋቂ አሜሪካዊ ሐኪም በ1972 ከጅማቱ በላይ ያለውን አጥንት መላግ ሕመሙን ያስታግሳል ብሎ ጻፈ። በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አጥንቱ ተላገ። በ2018 የታተመው የብሪታንያ ጥናት 313 ታካሚዎችን ለሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን አጥንቱ ተላገ፣ ሁለተኛው ካሜራ ብቻ ገብቶለት ምንም ሳይላግ ተዘጋ፣ ሦስተኛው አልተነካም። አጥንታቸው በተላገውና ካሜራ ብቻ በገባላቸው መካከል የረባ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ጥናት ሙሉ ብጥስ ስላለባቸው ሰዎች አይደለም፤ ከትከሻ ጫፍ ሥር ለሚሰማ ሕመም ነው። ግን ለ40 ዓመት «ይሠራል» የተባለ ነገር እንዲህ ሳይፈተን መቆየቱ ያሳዝናል። ኮድማን በሕይወት ቢኖር ምን ይል ነበር እላለሁ።

ጃፓናዊው ሐኪም ሚሃታ ከታካሚው ጭን ላይ ጠንካራ ሽፋን ቆርጦ በተበጠሰው ጅማት ቦታ መዘርጋትን በ2013 አስተዋወቀ። በእሱ እጅ ውጤቱ ጥሩ ነበር። ሌሎች ደግሞ ከጀርባ ጡንቻ ጅማት አምጥተው ይተክላሉ። ሁለቱም ከባድ ሥራዎች ናቸው፤ ትከሻው ገና ላልተበላሸ፣ በዕድሜም ላልገፋ ሰው ነው የሚታሰቡት።

በዕድሜ ለገፉት፣ እጃቸው ጨርሶ አልነሳ ላለው፣ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዲዦን ከተማ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ግራሞን በ1985 ትከሻውን ገለበጠው። ኳሱን በጎድጓዳው ቦታ፣ ጎድጓዳውን በኳሱ ቦታ አደረገ። እንዲህ ሲሆን የተበጠሱት ጅማቶች የግድ አያስፈልጉም፤ ዴልቶይድ ብቻውን እጁን ማንሳት ይችላል። በአሜሪካ በ2003 ተፈቀደ፣ ዛሬ በብዛት ይሠራል። የ75 ዓመት እናት ለዓመታት ያልወጣ እጃቸው ፀጉራቸው ድረስ ሲደርስ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ነው። ኢንፌክሽን ሊይዘው፣ ሊወልቅ፣ ሊላላ ይችላል፤ ለ50 ዓመት ሰው በቀላሉ የሚወሰን አይደለም።

ባይሠራስ?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ማንሳት ነበረብኝ፤ ብዙ ሰው የሚያሳስበው እሱ ነውና። በአሜሪካ ሳይወድቁ በእርጅና ብጥስ የመጣባቸው 452 ሰዎች በተዘጋጀ የፊዚዮቴራፒ ፕሮግራም ታከሙ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቀዶ ጥገና የሄዱት ከአራት አንድ አይሞሉም። ፊንላንድም ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን 180 ትከሻዎች ለሦስት ከፍላ አየች። ፊዚዮቴራፒ ብቻ፣ ፊዚዮቴራፒና አጥንት መላግ፣ እነዚህ ላይ ስፌት ሲጨመር። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወራለት ልዩነት አልነበረም።

ኖርዌይ ግን ስፌትን ከፊዚዮቴራፒ ጋር አወዳድራ ረጅም ጊዜ ጠበቀች። 103 ታካሚዎችን፣ ቀዳዳቸው ከ3 ሴንቲሜትር ያልበለጠውን፣ አሥር ዓመት ተከታተለች። በዓመት ልዩነቱ ትንሽ ነበር። በአሥር ዓመት ግን የተሰፉት በግልጽ በለጡ። ካልተሰፉት ከፊሎቹ ላይ ቀዳዳው እየሰፋ ሄዷል።

እነዚህ ጥናቶች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። ለ70 ዓመት አባት፣ ቀስ በቀስ ለመጣ ብጥስ፣ ሦስት ወር በደንብ የተሠራ ፊዚዮቴራፒ ትክክለኛው መጀመሪያ ነው። ለ50 ዓመት ሠራተኛ፣ ገና አሥርና ሃያ ዓመት በእጁ ሠርቶ ለሚያድር፣ ስፌቱ ያዋጣዋል።

በመውደቅ በአንድ ጊዜ የተበጠሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ መጠበቅ አይገባም። ጅማቱ ሳይሸሽ፣ ጡንቻው ሳይሟሽሽ፣ በሳምንታት ውስጥ መታየት አለበት። ምልክቱ ከባድ አይደለም። ሰውየው በራሱ እጁን ማንሳት ያቅተዋል፣ ሌላ ሰው ሲያነሳለት ግን ይወጣል። ሌላ ሰው ሲያነሳውም አልወጣ ካለ ትከሻው ራሱ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፣ ሕክምናውም የተለየ ነው። ራጅ ጅማትን አያሳይም። «ራጁ ደህና ነው» ማለት ጅማቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ በሚያውቅበት ሰው እጅ በርካሽ ዋጋ ያሳያል።

አክስቴ ያጣቻቸውን ሁለት ወራት ሳስብ ይቆጨኛል። ማንንም መውቀስ አልፈልግም። ወጌሻዎች በውልቃት ስንቱን ሰው ረድተዋል። ግን ከአጥንቱ የተለየ ጅማት በእሽት አይመለስም። ኮርቲዞን መርፌም ሕመሙን ለጊዜው ያበርዳል እንጂ ጅማት አይቀጥልም። ሲደጋገም ደግሞ ጅማቱን ያደክማል፤ ቀዶ ጥገናው ሊደረግ አንድ ወር ሲቀረው የተወጋ እንደሆነ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉን ይጨምራል።

ዕድለኛ ነበረች። ቀዳዳው ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ነበር፣ ጡንቻው ገና ደረጃ 1። ሐኪሙን ቁጭ ብለን ጠየቅናቸው። «ይህን ቀዶ ጥገና ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» አልናቸው። አልተቆጡም። «በመክፈት ብዙ፣ በካሜራ ጥቂት» አሉን። እኔ ያን ጊዜ ልቤ አረፈ። በሚያውቁበት ይሥሩት አልን። በትንሽ ቁርጥ ተሠራች፣ ክሩ በአጥንት ቀዳዳ አለፈ፣ ሁለት አንከር ተጨመረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ማንም በስልክ ያልነገረን ነገር ነበር። ስድስት ሳምንት በማንጠልጠያ፣ ሌሊትም ጭምር። በጀርባ ትራስ ተደግፎ መተኛት። ሻይ ማንሳት እንኳን ክልክል። መጀመሪያ ሌላ ሰው ነው እጇን የሚያንቀሳቅስላት፣ ከዚያ በግራ እጇ እየደገፈች፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው ጉልበት የሚሠራው። ዳግም ብጥስ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። በተለይ ሕመሙ ሲጠፋ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ባልዲ ያነሳል። አክስቴን ልጇ በዓል ሲመጣ ከማዕድ ቤት በር ላይ ቆማ ነው የጠበቀቻት። ፊዚዮቴራፒው በሳምንት ሁለቴ፣ ታክሲ ተይዞ፣ ለአምስት ወራት ሄደ። ከጠቅላላው ወጪ ያልተዘጋጀንበት እሱ ነበር።

አሁን ስምንተኛ ወሯ ነው። በቀኝ ጎኗ ትተኛለች። ነጠላዋን ራሷ ትጥላለች። አክንባሎውን በሁለት እጇ ታነሳለች። ሊጥ እያዞሩ ማፍሰሱን ግን ለልጇ ትታለች፤ ሐኪሙ ዓመት እስኪሞላት ቆዩ ብለዋታል።